ቃሉ በጉባኤ ይነበብ፦ ለአጥቢያችን የሽማግሌዎች ጉባኤና ለመጋቢዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት፣
ለተከበራችሁ መጋቢዎችና የአምልኮ ክፍል ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ ከእሑድ አምልኮ እንዲወጣ የተደረገውን የጋራ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ይመለከታል

በጌታችንና በመድኃኒታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ከዚህ ዓመት መስከረም ጀምሮ የእሑዱ አምልኮ በሁለት ፈረቃ እንዲካሄድና እያንዳንዱ ፈረቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ወስናችኋል። ሕዝቡ ከአዳራሹ አልፎ በግቢው ድንኳን ሥር መቀመጥ ከጀመረ ስለ ቆየ፣ ፈረቃ በማስፈለጉ አንከራከርም። የምንከራከረው ሰዓቱ ሲጣበብ በተቀነሰው ነገር ነው። መዝሙሩ አልተነካም፤ ስብከቱ እንደ ቀድሞው ነው፤ ማስታወቂያው እንዲያውም ረዝሟል። ከመርሐ ግብሩ ሙሉ በሙሉ የወጣው ጉባኤው ቆሞ በአንድ ድምፅ የሚያነበው የመዝሙረ ዳዊት ክፍል፣ ከእርሱም ቀጥለው ከብሉይ ኪዳን፣ ከመልእክታትና ከወንጌል ይነበቡ የነበሩት ሦስቱ ንባቦች ናቸው። አሁን በእነርሱ ቦታ ሰባኪው የመረጠው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር በስክሪን ይታያል፤ አንዳንድ እሑድማ እርሱም ብቅ የሚለው ሰባኪው ሐሳቡን ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ንግግሩን ለማጽናት ነው።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ለማድረግ አልቸኮልንም። ጥያቄያችንን አስቀድመን ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አስገብተናል፤ በአገልግሎት ክፍሎች ስብሰባ ላይም በቃል አንሥተናል። ለጽሑፋችን መልስ አላገኘንም፤ ለቃላችን የተሰጠን መልስ ደግሞ «ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱሱን በስልኩ ይዟል፤ ቤቱ ያንብብ» የሚል ነው። ነገሩ የአንባቢዎች ቡድን አገልግሎት ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ዝም ባልን ነበር። ንባቡ ግን የእኛ አገልግሎት ከመሆኑ በፊት የጉባኤው አምልኮ ነው፤ ከጉባኤው የተወሰደውንም ጉባኤው በሚሰማበት መጠየቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሌሎች አጥቢያዎች የሚመጡ እኅቶችና ወንድሞችም በየቦታቸው ተመሳሳይ ነገር እየሆነ እንደ ሆነ ይነግሩናል።

«ቤቱ ያንብብ» የሚለው መልስ የታሰበው ማንበብ ለሚችል፣ ለብቻውም የሚያነብበት ጊዜና ቦታ ላለው ሰው ነው። በጉባኤያችን ውስጥ ግን ከእናቶቻችን መካከል በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው መጽሐፍ ቅዱስን ለማንበብ የበቁ፣ ዛሬ ዐይናቸው ደክሞ የታተመውን መለየት ያቃታቸው አሉ፤ ከመጀመሪያውም ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኙ አሉ፤ በሰው ቤት ተቀጥረው እያገለገሉ የእሑድን ጠዋት እንኳ አስፈቅደው የሚመጡ ወጣት ሴቶች አሉ። ለእነዚህ ወገኖች የእሑዱ ንባብ በሳምንቱ ውስጥ ማንም ሳያሳጥረውና ሳያብራራው የሚሰሙት ብቸኛው የእግዚአብሔር ቃል ነበር። ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር ሄደው ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ንባቡ ከቆመ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአንባቢዎቻችን አንዷን በር ላይ ጠብቀው፣ «ኢሳይያስን የት አደረሳችሁት? ምዕራፍ 40 ላይ ደርሰን ነበር እኮ» ሲሉ ጠይቀዋታል። እኚህ እናት የእሑዱን ንባብ ከሳምንት ሳምንት እያያያዙ ይከታተሉት እንደ ነበር እኛ ራሳችን ያወቅነው ያን ቀን ነው። እርሳቸው ዘንድ ኢሳይያስ «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ» ሊል ሲል ተቋርጦ ቀርቷል። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው።

ማየት የተሳነው አንድ ወንድማችን ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ይህ ወንድም በብሬል የተዘጋጀ የወንጌል ክፍል በአትሮንሱ ላይ ዘርግቶ በጣቶቹ እየዳሰሰ ያነብልን ነበር፤ ከማናችንም ይልቅ በዝግታና በጥንቃቄ ስለሚያነብ ሕፃናት ሳይቀሩ ጸጥ ብለው ይሰሙት እንደ ነበር እናንተም ታውቃላችሁ። አሁን አገልግሎቱን ማጣቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሰባኪዎች ጥቅሱን ድምፅ አውጥተው ሳያነቡ «በስክሪኑ ላይ እንደምታዩት» ብለው ማለፍ ስለ ለመዱ፣ ይህ ወንድም በገዛ ጉባኤው መካከል ተቀምጦ ቃሉን የማይሰማባቸው እሑዶች አሉ። ይህ በአንዱ አገልጋይ ላይ የደረሰ አጋጣሚ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ንባብ ወደ ምስል ሲለወጥ የማያይ ሰው ከአምልኮ ይወጣል። መብራት በጠፋባቸው እሑዶች ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የሚያየውም የማያየውም እኩል ያለ ጥቅስ ይቀመጣል።

በጋራ ማንበብ የሚለው ነገር ቀላል እየመሰለ ስለ ተናቀ፣ እንዴት ይካሄድ እንደ ነበር ጥቂት እንድናስታውስ ይፈቀድልን። መዝሙር 136ን በቅብብል ስናነብ መሪው የቁጥሩን መጀመሪያ ይላል፤ ጉባኤው «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ይመልሳል፤ ይህም በ26ቱ ቁጥሮች ሁሉ ይደጋገማል። በዚያ ንባብ ለመሳተፍ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይችለው ከሚችለው ጋር፣ ሕፃኑ ከሽማግሌው ጋር እኩል ያነባል። መዝሙሩ ከፍጥረት ተነሥቶ በግብጽና በቀይ ባሕር አልፎ ለሥጋ ሁሉ ምግብን እስከሚሰጠው አምላክ ድረስ ሲወርድ፣ ያ መልስ እየተደጋገመ ልብ ውስጥ ይገባል። በቀብር ቤትና በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ወገኖቻችን ያንኑ ቃል ሳይሳሳቱ ሲሉት ሰምተናል፤ የያዙትም ከእሑዱ ንባብ ነው። ሌሎቹን መዝሙሮች በአንድ ድምፅ ስናነብ ደግሞ በአራት ነጥቡና በነጠላ ሰረዙ ላይ አብሮ ማረፍን፣ የጎረቤትን ድምፅ መጠበቅን፣ ፈጣኑ ከዘገምተኛው እኩል መሄድን ጉባኤው በብዙ ዓመት ተምሮታል። ይህን የመሰለ ልማድ ለመትከል ዓመታት ይፈጃል፤ ለመንቀል አንድ ስብሰባ በቅቷል።

ከዚሁ ጋር የመጻሕፍቱ ነገር ይነሣል። ጉባኤው በአንድ ድምፅ እንዲያነብ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በእጁ መያዝ አለበት። ለዚህ ሲባል በምእመናን መዋጮ የተገዙት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም መጽሐፍ ቅዱሶች በየአግዳሚው ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ፕሮጀክተሩ ሲተከል ተሰብስበው በካርቶን ታሽገው መጋዘን ገብተዋል፤ መጋዘኑ ክረምት ላይ እንደሚያፈስ ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል። በምስጋና ቀን አምልኮ መሪው «ሁላችንም ከስልካችን በጋራ እናንብብ» ሲል የሆነውን ሁላችን ሰምተናል፦ ግማሹ የ1954ቱን፣ ግማሹ አዲሱን መደበኛ ትርጉም ይዞ ስለ ነበር ገና ከመጀመሪያው ቁጥር ድምፁ ተበታተነ፤ መሪውም ንባቡን አቋርጦ ወደ መዝሙር አለፈ። ከትርጉሞቹ የትኛው ይሻላል የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም፤ በመካከላችንም አንድ አቋም የለንም። አንዱን መርጣችሁ ለጉባኤው እጅ ስጡ ነው የምንለው።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ግን የስቅለት ዓርብ ነው። በዚያ ቀን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18ና 19 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በክፍል በክፍል ይነበብ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። አንዱ የተራኪውን፣ አንዱ የጲላጦስን፣ አንዱ የጴጥሮስን ቃል ያነባል፤ የጌታን ቃል ከሽማግሌዎች አንዱ ያነባሉ፤ የሕዝቡን ጩኸት የሚያነበው ጉባኤው ነው። «ስቀለው፥ ስቀለው» የሚለውን ከገዛ አፋችን ማውጣት ከባድ ነበር፤ አንዳንዶች ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ አንዳንዶችም ጨርሶ ማለት አቅቷቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፉት ነበር። ስለ ስቅለቱ ከሚሰበከው ስብከት ሁሉ ይልቅ ሰው በዚያች ቅጽበት ራሱን ከየትኛው ወገን እንዳገኘው ያስተውል ነበር። ዘንድሮ በዚህ ፈንታ ከአንድ የውጭ ፊልም የተቆረጠ ምስል በስክሪን ታየ። ምስሉን የሠሩት ሰዎች ጥበብ አላቸው፤ ብዙ ሰውም አልቅሷል። ነገር ግን ሕዝቡ በዚያ ቀን ተመልካች ሆኖ ዋለ፤ ከአራቱ ወንጌላት የአንዱ የመከራ ታሪክ እንኳ በሙሉ ሳይነበብ ስቅለት አለፈ። ይህን የወሰነው ማን እንደ ሆነና በምን ምክንያት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

ንባብን ከስብከት በፊት የሚቀርብ መክፈቻ፣ ሲጣበብም የሚዘለል ነገር አድርጎ ማየት ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም። በዘዳግም ምዕራፍ 31 ሙሴ ሕጉ በየሰባት ዓመቱ በዳስ በዓል በእስራኤል ሁሉ ፊት እንዲነበብ ሲያዝዝ፣ ወንዶችንና ሴቶችን፣ ሕፃናትንና በአገሩ ያለውን መጻተኛ ስም ጠርቶ ነው፤ ቤቱ ማንበብ የሚችለው ይቅር አላለም። በነህምያ ምዕራፍ 8 ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስቦ ዕዝራን መጽሐፉን እንዲያመጣ የጠየቀው ራሱ ሕዝቡ ነው፤ ዕዝራም ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ፤ መጽሐፉ ሲከፈት ሕዝቡ ሁሉ ቆመ፤ እጁንም አንሥቶ አሜን አሜን አለ። ሌዋውያኑ ያብራሩት የተነበበውን ነበር። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ተቀብሎ ለማንበብ ተነሣ፤ አንብቦ፣ መጽሐፉን ጠቅልሎ ከሰጠ በኋላ ነው ተቀምጦ መናገር የጀመረው። ጳውሎስ የቆላስይስ ሰዎች መልእክታቸውን አንብበው ሲጨርሱ በሎዶቅያ እንዲያስነብቡት፣ የሎዶቅያውንም እንዲያነቡ አዝዟል፤ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውም ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ አምሏቸዋል። ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 13 ላይ ያለውን ደግሞ እናንተ ለአገልግሎት በተሾማችሁ ቀን ተነቦላችኋል፦ «እስክመጣ ድረስ ለማንበብና ለመምከር ለማስተማርም ተጠንቀቅ።» ምክሩንና ትምህርቱን አጽንታችሁ ይዛችኋል፤ የፊተኛውን ግን ከመርሐ ግብሩ አውጥታችኋል።

ከሐዋርያት በኋላም ልማዱ አልተቋረጠም። በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሮም የጻፈው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ሲሰበሰቡ የሐዋርያት ማስታወሻዎችና የነቢያት መጻሕፍት ጊዜው እስከ ፈቀደ ድረስ ይነበቡ እንደ ነበር፣ አንባቢው ሲያበቃም የጉባኤው መሪ ተነሥቶ ይመክር እንደ ነበር መስክሯል። ጊዜ ለእነርሱም ጠባብ ነበር፤ የተጣበበውን ጊዜ የሰጡት ግን ለንባቡ ነው። በአገራችንም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ከዳዊት መዝሙር ምስባክ ይሰበካል፤ ከዚያም ወንጌል ይነበባል፤ በብዙ ቦታም ዛሬ ንባቡ በአማርኛ ይሰማል። የወንጌል አማኞች ነን የምንል እኛ፣ አባቶቻችን ሕዝቡ ቃሉን በሚሰማው ቋንቋ ይስማ ብለው ዋጋ የከፈሉ እኛ፣ በአንድ እሑድ ከዚያ ያነሰ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበብብን ሆነን መገኘታችን ሊያሳፍረን ይገባል። ይህን የምንለው ለንጽጽር ደስ ብሎን እንዳልሆነ ትረዱልናላችሁ።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1937 የኢጣልያ ወረራ ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ የተጠመቁት አማኞች ከመቶ አይበልጡም ነበር፤ በእጃቸውም ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎች ብቻ ቀርተዋል። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ለማይችሉት እያነበቡ፣ የሰሙትም በቃላቸው ይዘው ለሌላ እያስተላለፉ ቆዩ፤ ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞችን አገኙ። በደርግ ዘመንም፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. እንደ ተዘጋች ሌሎችም በየስፍራው ሲዘጉ፣ አማኞች በትናንሽ ቡድን በየቤቱ ተሰብስበው፣ መዝሙር ጎረቤት እንዳይሰማ ቢከለከል እንኳ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማንበብ አልተዉም። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን ያለፉ አባቶች ስላሉ ይህን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ይናገሩት።

ሌላው ቅሬታችን ስለሚነበበው ነገር ምርጫ ነው። የንባብ ዝርዝሩ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ሰባኪው የወደደውም ያልወደደውም ክፍል ተራው ሲደርስ ይነበብ ነበር። በአሞጽ ምዕራፍ 8 ሚዛን አጣምመው ድሀውን ስለሚገዙት ነጋዴዎች የተጻፈው በነጋዴዎች ፊት ተነቧል፤ በያዕቆብ ምዕራፍ 5 ስለ ተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ የተጻፈው ሠራተኛ በሚያሠሩት ፊት ተነቧል፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ ሐዘን በደረሰበት ሰሞን ተነቧል። አሁን የምንሰማው የተመረጠልንን ብቻ ነው። ንባቡ ከቆመ ወዲህ በስክሪኑ የታዩትን ጥቅሶች ብታስተውሉ ስለ በረከት፣ ስለ ድልና ስለ መስፋት የሚናገሩት ይደጋገማሉ፤ ሌላው የመጽሐፉ ክፍል እንደ ሌለ ተቆጥሯል። ጥቅሶቹ ሐሰት ናቸው አላልንም፤ ከቦታቸው ተነቅለው ብቻቸውን ሲቆሙ ግን ጉባኤው ከፊታቸውና ከኋላቸው ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንድ ወጣት በኤርምያስ ምዕራፍ 29 ስላለው የተስፋ ቃል ሲመሰክር፣ ቃሉ የተጻፈው በባቢሎን ለነበሩ ምርኮኞች መሆኑንና ከእርሱ በፊት ሰባ ዓመት የሚል ቁጥር እንዳለ ሲነገረው እጅግ ተገርሟል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ምዕራፉ ሲነበብ ሰምቶ አያውቅም።

በአፋን ኦሮሞ ይደረግ የነበረው ንባብም ሳይነገር ቀርቷል። ከወለጋና ከሸዋ የመጡ ብዙ ወገኖች ስላሉን የወንጌሉ ክፍል በአማርኛ ከተነበበ በኋላ አንድ አባት በአፋን ኦሮሞ ያነቡት ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ ያሳተሙት እንዲህ በጉባኤ እንዲሰማ ነው። እኚህ አባት አገልግሎታቸው መቆሙን የሰሙት እንደ ልማዳቸው በጠዋት መጥተው አትሮንሱ መነሣቱን ሲያዩ ነው። ይህን ማስረዳት የሚኖርባችሁ ለእኛ ሳይሆን ለእርሳቸው ነው።

የወጣት አንባቢዎች ሥልጠናም አብሮ ታጥፏል። «ንባቡ ይንዛዛል፣ ሕዝቡ ይሰለቻል» የሚለውን አስተያየት ሰምተናል፤ ከእውነት የራቀ ነው አንልም። ንባብ የሚያሰለቸው ሳይዘጋጁ ሲያነቡት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «ይሰማል» ተብሎ የተጻፈው ሰውዬው የሚሰማ ይሁን የሚሰማ ድምፅ ይሁን ክፍሉን አስቀድሞ ያላነበበ ሰው ሊስተው ይችላል፤ በዕዝራና በነህምያ ያሉትን ስሞች፣ በጳውሎስ መልእክታት ያሉትን ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች በድንገት የሚወጣቸው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የነበረው ልምምድ ለዚህ ነበር። ለልምምዱ የተሰጠን ክፍል ለመዘምራን የድምፅ መሣሪያ ማስቀመጫ ከሆነ በኋላ፣ ጽሕፈት ቤቱ አንባቢ ሲያስፈልገው እሑድ ጠዋት በር ላይ ያገኘውን ወጣት ይመድብ ጀመር፤ ከዚያም ንባቡ ተበላሸ ተብሎ ንባቡ ተነሣ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ ፊት ሊያነቡ ሲዘጋጁ የነበሩት ሳያነቡ ዓመቱ አልቋል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ሦስቱ ንባቦችና መዝሙሩ በአንድ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጁ ነበር። የፊልጵስዩስ መልእክት አራቱም ምዕራፎች ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው ከዚህ ብዙ አይበልጡም። ለሕንፃው ማስፋፊያ ገቢ ማሰባሰቢያ የሚውለው ጊዜ በብዙ እሑዶች ከዚህ ይረዝማል። ማስታወቂያው በጽሑፍ በር ላይ ሊለጠፍ፣ በስክሪኑም ከአምልኮ በፊት ሊታይ ይችላል፤ ስክሪኑ ለዚህ ቢውል ማንም አይቃወምም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የመዝሙረ ዳዊት የጋራ ንባብና ሦስቱ ንባቦች በሁለቱም ፈረቃ ወደ አምልኮው እንዲመለሱ፤ ሰዓቱ ፈጽሞ የማይበቃ ከሆነ ቢያንስ መዝሙሩና ወንጌሉ በየእሑዱ እንዲነበቡ፣ ብሉይ ኪዳንና መልእክታቱም በፈረቃ እንዲፈራረቁ። የንባብ ዝርዝሩ አስቀድሞ ወጥቶ በሰባኪው ርእስ ምክንያት እንዳይለወጥ።

ሁለተኛ፣ በስክሪን የሚታይ ማንኛውም ጥቅስ ድምፅ ወጥቶ እንዲነበብ ለሰባኪዎችና ለአምልኮ መሪዎች ሁሉ መመሪያ እንዲሰጥ። ይህ ገንዘብም ሰዓትም ስለማይጠይቅ ከሚመጣው እሑድ ሊጀመር ይችላል፤ ማየት የተሳነው ወንድማችንም ወደ ንባብ አገልግሎቱ እንዲመለስ በእናንተ በኩል ይጋበዝ።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ክረምቱ ሳይገባ ከመጋዘን ወጥተው ወደየአግዳሚው እንዲመለሱ፤ የተበላሹ ካሉ እንዲቆጠሩና ለጉባኤው እንዲገለጽ። ለማድረቅና ለመጠረዝ የሚያስፈልገውን ጉልበት እኛ እንሰጣለን።

አራተኛ፣ በመጪው የስቅለት ዓርብ የዮሐንስ ወንጌል ንባብ እንደ ቀድሞው በጉባኤው ተሳትፎ እንዲካሄድ።

አምስተኛ፣ የአፋን ኦሮሞው ንባብ እንዲቀጥል፤ ያነቡ የነበሩትን አባት ከሽማግሌዎች አንዱ በአካል ሄደው እንዲያነጋግሯቸው።

ስድስተኛ፣ ለልምምድ አንድ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድልንና አንባቢዎች ቢያንስ ከሳምንት በፊት እንዲመደቡ።

ሰባተኛ፣ ወደፊት የአምልኮውን ሥርዓት የሚለውጥ ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት የአባላት ጉባኤ እንዲጠየቅ።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጥያቄ በአስቸኳይ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከሚቀጥለው የአባላት ጉባኤ በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ልታነጋግሩን ከፈቀዳችሁ ሙሉ ቡድኑ በማንኛውም ጊዜ ለመቅረብ ዝግጁ ነው።

ከክርስቲያናዊ አክብሮት ጋር፣

የአጥቢያው የቃል ንባብ አገልጋዮች
የሰንበት ትምህርት ቤት የንባብ አሠልጣኞች
የእናቶች ጸሎት ኅብረት ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለአጥቢያው አባላት ጉባኤ ሰብሳቢ
ለወጣቶች አገልግሎት ክፍል
ለመዘምራን ኅብረት